ለቢጄ 42 ላንድክሩዘር የትኛው ባሌስትራ? ከአክስሉ በላይ ላውጣው ወይስ ባለበት ይቆይ?

ራስ_መኮንን_ድልድይ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። አንድ ውሳኔ ላይ ተሰንጌ ተቀምጫለሁ፣ እስቲ አግዙኝ።

መኪናዋ ቢጄ 42 ናት። አጭሯ፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት፣ 3ቢ የሚባለው 3.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ካምቢዮውም አያስቸግርም። ችግሩ እግሯ ላይ ነው። አራቱም ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከመው የተደራረበ ቅስት ብረት) ደክሟል፣ የኋላው ግራማ ቅስቱ ጠፍቶ ቀጥ ብሏል። የቀድሞው ባለቤት እንዳይተኛ ብሎ ከሥር ወፍራም ብረት አስጨምሮበታል። ውጤቱን ልንገራችሁ፦ ባዶዋን ኮብል ስቶን ላይ ጥርስ ታራግፋለች፣ ሲጫንባት ደግሞ አሁንም ወደ ግራ ታዘነብላለች።

በሥራ ቀን ከፒያሳ ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው። በበዓል ቤተሰብ ለመጠየቅ መንዝ እወጣለሁ፣ አንዳንዴም ወደ አፋር እወርዳለሁ። መካኒኬ «ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር አውጥተን ከላይ እናድርገው፣ ትልቅ ጎማ ትይዛለች» አለኝ። ስፕሪንግ ኦቨር የሚሉት መሆኑ ነው። እኔም 33 ኢንች ጎማ ዓይኔ ገብቷል።

ያገኘሁት አማራጭ ይሄ ነው። የራሷን ባሌስትራ አስመትቶ ብረት ጨምሮ መመለስ። ሶማሌ ተራ የ60 ላንድክሩዘር ያገለገለ ባሌስትራ መግዛት። የሃይሉክስ የኋላ ባሌስትራ፣ እሱ እንደ ልብ ይገኛል። ወይም ከውጭ አዲስ ማስመጣት፣ የአውስትራሊያውን። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትይዛላችሁ?


ኮረንቲ_መኪና

ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ። ናፍጣም የለ፣ ሰልፍም የለ፣ ባሌስትራም የለ።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

ኮረንቲ፣ መሃል ሜዳ ላይ ቻርጅ የሚያደርግልህ ሰው ስታገኝ ደውልልኝ 😄 በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን መንከባከብ ነው የሚያዋጣኝ።


ተክልዬ_መለዋወጫ

ባሌስትራ እሸጣለሁ። ስለዚህ የምለውን የነጋዴ ወሬ ነው ብለህ ግማሹን ቀንሰህ ስማኝ።

የሃይሉክሱን ተወው። የሃይሉክስ ባሌስትራ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተ 70 ነው። አስር ሚሊ ምን አላት እንዳትል። ማንጠልጠያው (ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው) ውስጥ ይጫወታል። ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው) አይገጥምም፣ የታችኛው ሰሌዳ አይገጥምም፣ ጎሚኒውም (ጫፉ ውስጥ የሚገባው ጎማ) ሌላ ነው። ሰዎች ክፍተቱን በሮንዴላ ሞልተው ይገጥሙታል። ሮንዴላው ይበላል፣ ከዚያ መኪናዋ በራሷ ፈቃድ መንዳት ትጀምራለች።

የ60 ላንድክሩዘር ባሌስትራ እንዳንተው 70 ሚሊ ነው፣ ደግሞም ከ40ው (ያንተዋ ቢጄ 42 ካለችበት) ይረዝማል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ግን የፊቱንና የኋላውን ሳትለይ እንዳትገዛ። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ቀጣዩ ሱቅ ሂድ። ሜትሮ ይዘህ ሂድ፣ ከአንዱ ጆሮ (የተጠቀለለው ጫፍ) እስከ መሃል ቡሎን፣ ከመሃል ቡሎን እስከ ሌላኛው ጆሮ ለካ። ቡሎኑ ሁልጊዜ እኩል መሃል ላይ አይደለም። ሳታውቀው ገልብጠህ ብትገጥም አክስሉ ወደፊት ወይ ወደኋላ ይሄድብሃል፣ ጎማው መከለያውን ይነካል።

ያገለገለ ስትገዛ ጥንዱን ጎን ለጎን አቁመህ ቅስቱን አስተያይ። አንዱ ከሌላው ካነሰ ጥንድ አይደለም፣ ከሁለት መኪና የተገናኘ ነው። የመሃል ቡሎኑን ቀዳዳ ዙሪያና የጆሮውን መታጠፊያ በብሩሽ አጽድተህ እይ። ብረቱ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ሻጩ አዲስ ጥቁር ቀለም ከቀባው ደግሞ ሁለት ጊዜ እይ።


የአምስት_ኪሎው

ስለ ስፋቱ ተክልዬ ጨርሶታል። እኔ ስለ ውፍረት ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ባሌስትራ የሚበላሸው በውፍረት ነው።

የባሌስትራ ግትርነት በብረቱ ብዛትና በስፋቱ ልክ ይጨምራል። ሁለት እጥፍ ብረት፣ ሁለት እጥፍ ግትርነት። ውፍረት ላይ ስትደርስ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ርዝመትም እንደዚያው፣ ግን በተቃራኒው። ስለዚህ 7 ሚሊ የነበረው ብረት 8 ሚሊ ሲሆን ግትርነቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ባሌስትራው በ10 ከመቶ ሲረዝም ደግሞ ሩብ ያህል ይለሰልሳል። የ60ው ባሌስትራ ምቾት ከየት እንደመጣ ገባህ? ከምንም ሳይሆን ከርዝመቱ ነው።

የተጨመረብህን ብረት በካሊፐር ለካልኝና ከዋናዎቹ ጋር አስተያየው።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

ለካሁ። ዋናዎቹ ሰባት ብረቶች ናቸው፣ እያንዳንዱ 7 ሚሊ። የተጨመረው 10 ሚሊ ነው። ከአይሱዙ የተቆረጠ ይመስላል፣ ጫፉ በፍሌክስ የተከረከመበት ምልክት አለው።


የአምስት_ኪሎው

እንግዲህ አስላው። 10 ለ 7 ሲካፈል 1.43 ይመጣል። ሦስት ጊዜ በራሱ ስታባዛው 3 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ያ አንድ ብረት የዋናዎቹን ሦስት ያህል ነው ማለት ነው። ሰባት ብረት የነበረው ባሌስትራህ እንደ አስር ብረት ሆኗል፣ በ40 ከመቶ ገደማ ደድሯል። አጭር ስለሆነ ቁጥሩ በትክክል ይሄ ላይሆን ይችላል፣ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነገር ነው። ወፍራሙ ብረት አይታጠፍም፣ ቀጫጮቹ ይታጠፋሉ። ጫፉ ያረፈበት ቦታ ላይ ከሱ በላይ ያለው ብረት እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ከጊዜ በኋላ እዚያው ላይ ቁርጥ ይላል። ብረት ይጨመር ከተባለ ውፍረቱ ከሌሎቹ ጋር የሚቀራረብ፣ ቅስቱም የሚገጥም መሆን አለበት።


ወይዘሪት_ኮሮኮንች

ሰላም ወንድሜ። እኔ እንግዳ ይዤ አፋርና ሰሜን ሸዋ የምመላለስ ሰው ነኝ፣ ላንድክሩዘር ላይ ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል። ባሌስትራውን ከመምረጥህ በፊት ያቺን 33 ኢንች ጎማ ከልብህ አውጣ።

አጭሯ 40 ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2,285 ሚሊ ሜትር ናት። በጣም አጭር ነች። ስፕሪንግ ኦቨር ስታደርጋት የአክስሉ ቱቦ ውፍረት ሲደመር የባሌስትራው ጥቅል ውፍረት ያህል ከፍ ትላለች፤ ከ12 ሳንቲም ያላነሰ። ይህን ይዘህ ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲና ስትወርድ አስበው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ በሙሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ ኋላዋ ይቀላል። ዝናብ ከነበረና መንገዱ ካንሸራተተ ደግሞ ጭንቅ ነው። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጀሪካንና ድንኳን ካሰርክ አልቋል፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ትጸልያለህ።

መንዝ ድረስ ለመሄድ 33 ኢንች አያስፈልግም። 31 ኢንች በቂዋ ነው። የሚያስፈልግህ ወደ ላይም ወደ ታችም በደንብ የሚጓዝ፣ ረጅምና ለስላሳ ባሌስትራ ነው። ባለበት ቦታ ላይ፣ ከአክስሉ በታች።

አሞርዛተሩንም (የባሌስትራውን ውዝዋዜ የሚያበርደውን) አብረህ አስብ። ባሌስትራው ሲረዝም ጉዞው ይጨምራል። አሞርዛተሩ የድሮው ከሆነ ባሌስትራው ሳይጨርስ እሱ ይጨርሳል። የላይኛው ማሰሪያ ሲነቀል አይቻለሁ፤ የሚነቀለው ደግሞ ሰው በማይኖርበት ቦታ ላይ ነው።


እንጦጦ_ዳገት

እህቴ ኮሮኮንች፣ አከብርሻለሁ ግን ስፕሪንግ ኦቨርን እንዲህ አታጥፊው። የኔ 40 ከላይ ነው፣ ደስተኛ ነኝ።

ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ። ባሌስትራው ከሥር ሲሆን የዩ ቦልቱ ጫፍና ሰሌዳው ከአክስሉ በታች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚይዝሽ እነሱ ናቸው። ዳዶው ይላጋል፣ ለመፍታት ፍሌክስ ይጠየቃል። ከላይ ሲሆን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሌላው፣ ከፍታውን አክስሉ ስለሚሰጥሽ ባሌስትራው ብዙ መቀሰት የለበትም። ጠፍጣፋ ባሌስትራ ደግሞ ይለሰልሳል። በጣም የተቀሰተ ሁሌም ያንገጫግጫል።

ስለዚህ ጥያቄው «ከላይ ከሆነ የትኛው ባሌስትራ» ነው። መልሴ ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው። ከላይ አድርጎ ደግሞ ረጅም ቅስት ያለው የሚገጥም ሰው መሰላል ነው የሚሠራው።


የአምስት_ኪሎው

እንጦጦ ስለ ሰሌዳውና ስለ ጠፍጣፋው እውነቱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ስፕሪንግ ኦቨር ዲፈረንሻሉን ከመሬት አያርቀውም። ቦዲውንና ሻንሲውን ነው የሚያነሳው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፣ እሱም የጨመርከውን ግማሽ። ከ31 ወደ 33 ኢንች ብትሄድ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው 2.5 ሳንቲም ነው። ለዚህች 2.5 ሳንቲም ምን ያህል ብረት እንደሚቆረጥ ጋሽ ቶርኖ ይንገሩን።


ጋሽ_ቶርኖ

እናንተ ልጆች ስሜን ጠርታችሁ ዝም ልበል?

ስፕሪንግ ኦቨር ይሠራል፣ ሠርቻለሁም። ነገር ግን ሰው «ባሌስትራውን ወደ ላይ» ሲል አንድ ሥራ ይመስለዋል። እስቲ ልዘርዝር፣ ዝርዝሩ ሲረዝም ትሰለቻላችሁ።

የባሌስትራው መቀመጫ ከአክስሉ ቱቦ ላይ ተቆርጦ በላይ በኩል አዲስ ይበየዳል። አንግሉን የሚወስነው ፕሮፔለር ሻፍቱ ነው። ከኋላ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ከፍ ካላለ ክሮቼራው (የሻፍቱ መገጣጠሚያ) ይጮሃል፣ ከዚያ ይሰበራል። ከፊት ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። አፍንጫውን ለሻፍቱ ብለህ ወደ ላይ ስታዞር መሪው የሚዞርበት ዘንግ አብሮ ይዞራል። የፊት ጎማው ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩን ያጣል፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው እጅህ ላይ ይንገዋለላል። በትክክል ይሠራ ከተባለ የአክስሉ ጫፎች ተቆርጠው ዞረው እንደገና ይበየዳሉ። ያንን የሚሠራ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አለ፣ ግን አይበዛም፣ አይቸኩልምም።

ከመሪ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግም ይቀራል። መኪናዋ ከፍ ስትል ዘንጉ ቁልቁል ይዘቀዝቃል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መሪው ይጎተታል። የፍሬን ቱቦዎቹ ያጥራሉ፣ ሁሉም ይለወጣሉ። ከቶርኖ ቤት የሚወጣው መቀመጫ ራሱ ቱቦው ላይ ልክ ካልተቀመጠ ብየዳ አያድነውም።

መቀመጫው ሲበየድ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ይያዝ። መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ትቁም። አንግሉ ይለካ። ከዚያ አጭር አጭር እየተበየደ፣ አንዴ ከዚህ ጎን አንዴ ከዚያ ጎን፣ እያስቀዘቀዙ። በአንድ ትንፋሽ የሚበይድ ሰው ካለህ ቱቦው ይጣመማል፣ ውስጡ ያለው ሻፍት ዘይት መከላከያውን ይበላዋል።

ደግሞ ባሌስትራው ቦታው ላይ እያለ አጠገቡ ብየዳ አይነካ። ከኤሌክትሮዱ የምትፈናጠር አንዲት ጠብታ ባሌስትራው ላይ ካረፈች ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ነጥብ ነው። ባሌስትራ በእሳት የተገራ ብረት ነው። እንደገና በእሳት ከነካኸው ግሩ ይወጣል፣ ለስላሳ ብረት ይሆናል። «በኦክስጅን አሙቄ ቅስቱን እመልስልሃለሁ» የሚልህ ሰው ዘንድ አትቁም። መመታት ካለበት በብርዱ ነው፣ እሱም የደከመ ብረት ላይ ብዙ አይቆይም።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። መካኒኬ «በሁለት ቀን ትወጣለች» ብሎኝ ነበር።


ጋሽ_ቶርኖ

በሁለት ቀን መቁረጡ ያልቃል።


እንጦጦ_ዳገት

😂 ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ የኔም ከሁለት ቀን በላይ ነው የፈጀው፣ ብየዳ ቤቱ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነስቶ መኪናዬን ፈልጌ ያገኘኋት ሌላ ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ለሚያነቡት ሁሉ። ከላይ ሲሆን ባሌስትራው መጠምዘዝ ይጀምራል። በከባድ ማርሽ ዳገት ላይ ስትረግጠው አክስሉ ራሱን ማዞር ይፈልጋል፣ ባሌስትራው የኤስ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ለቆት ሲመለስ ኋላው ይዘላል። እኔ ከአክስሉ ወደ ሻንሲ የሚሄድ መያዣ ብረት አስገጥሜ ነው ያረፍኩት።


የአምስት_ኪሎው

መያዣው በሻንሲው በኩል ያለው ጫፉ መወዛወዝ የሚችል መሆን አለበት። ድርቅ ብሎ ከታሰረ ባሌስትራው ወደ ታች መውረድ ሲፈልግ መያዣው ይከለክለዋል፣ ከሁለቱ አንዱ ይሰበራል። ቀለል ያለው ዘዴ ሁለተኛው ብረት የመጀመሪያውን ጆሮ እንዲያቅፍ አድርጎ መሥራት ነው። የወታደር መኪኖች ላይ አለ። ጆሮው ቢሰበር እንኳ አክስሉ አይወጣም። ለአፋር መንገድ ባሌስትራ ብመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።


ዝም_ብዬ_አንባቢ

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ማንም ስላላነሳው ነው። መኪናዋ ቦሎ አላት አይደል? አክስልና ሻንሲ ላይ ብየዳ ያለበት ሥራ ከመጀመርህ በፊት ምርመራ የምታስደርግበት ቦታ ሄደህ ጠይቅ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ይህ መኪና ላይ ያልነበረ ነው» ከሚሉህ አሁን ይንገሩህ።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

አንባቢ፣ ጥሩ ነገር አስታወስከኝ። እጠይቃለሁ።

እስካሁን ያነበብኩትን ተከትዬ ስፕሪንግ ኦቨሩን ትቼዋለሁ። ጎማውም 31 ይሁን። ከአክስሉ በታች፣ የ60ው ረጅም ባሌስትራ። አሁን የከበደኝ የትኛው የ60 ባሌስትራ ልክ እንደሚሆንልኝ ማወቁ ነው። አንዱ ሱቅ አምስት ብረት ያለው አሳየኝ፣ ሌላው ስምንት።


የአምስት_ኪሎው

ብዛቱን አትቁጠር፣ መኪናዋን መዝን። የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ሂድ። መጀመሪያ የፊቱን ጎማ ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጣ፣ ቀጥሎ የኋላውን። ባዶዋንና መንዝ የምትሄድበት ጭነት ተጭኖባት፣ ሁለቱንም።

ከዚያ ባሌስትራውን ራሱን ፈትነው። ሁለት ብሎኬት ላይ በጆሮዎቹ አስቀምጠው፣ ጆሮዎቹ እንዲንሸራተቱ ከሥር ለስላሳ ብረት አድርግ። መሃሉ ላይ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ጫንበት። ሁለት ኩንታል ነው፣ 200 ኪሎ። ከመጫንህ በፊትና በኋላ ከመሃል ቡሎኑ እስከ መሬት ያለውን ለካ። ለምሳሌ 5.5 ሳንቲም ከወረደ፣ ባሌስትራው በአንድ ሳንቲም 36 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው።


ተክልዬ_መለዋወጫ

ሱቄ በር ላይ ሲሚንቶ ጭናችሁ ልትፈትኑ ነው? ኑ። ሲሚንቶውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ ዘንድ ቦታ የለም።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

መዘንኳት። እኔ ውስጧ ተቀምጬ፣ ባዶዋን ፊት 890 ኪሎ፣ ኋላ 850። ለመንዝ ስጭን ኋላ በ400 ኪሎ ይጨምራል፤ አንድ ኩንታል እህል፣ ጀሪካን፣ ሁለት ሰው፣ የእናቴ ዕቃ። ፊቱ እምብዛም አይለወጥም።

ባሌስትራውንም ፈተንነው። ተክልዬ በሳቅ ሞተ፣ ግን ለካልኝ። ባለ አምስት ብረቱ ልክ ምሳሌህ ላይ እንዳልከው 36 ኪሎ ገደማ ወጣ። ባለ ስምንቱ 60 አለፈ።


የአምስት_ኪሎው

እሰይ። ከፊቱ 890 ላይ አክስል፣ ጎማና ፍሬን ወደ 250 ኪሎ ይሆናል እንበል፤ እሱ ባሌስትራው ላይ አይጫንም። 640 ይቀራል፣ ለአንድ ባሌስትራ 320። ባለ አምስቱ ላይ 9 ሳንቲም ገደማ ይተኛል። ባለ ስምንቱ ላይ ከ5 ሳንቲም ትንሽ አልፎ ይቆማል። የመጀመሪያው በሰከንድ 1.7 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፣ ሁለተኛው ከ2 በላይ። ጥርስ የምታራግፈው ሁለተኛይቱ ናት። ለፊት ባለ አምስቱን ውሰድ፣ አታወላውል።

ኋላው ነው የሚያስቸግረው። ባዶዋን ከፊቱ ብዙ አትለይም፣ ስለዚህ ለስላሳው ይስማማታል። 400 ኪሎ ስትጭን ግን ለያንዳንዱ 200 ይጨመራል። ባለ አምስቱ ተጨማሪ 5.5 ሳንቲም ይወርዳል፣ አክስሉ ከሻንሲው እንዳይጋጭ የሚያቆመው ጎሚኒ ላይ ሊያርፍ ነው።


ወይዘሪት_ኮሮኮንች

ለዚህ እኮ መፍትሔው የታወቀ ነው። ከሥር አንድ ቀጥ ያለ፣ ቅስት የሌለው ብረት ይደረጋል። ባዶዋን ስትሄድ ሌሎቹን አይነካም። ሲጫንባት የላይኞቹ ወርደው ያርፉበታል፣ ያኔ ሥራ ይጀምራል። የጭነት ፒካፖች ኋላ ላይ ያለው እንደዚያ ነው። የቀድሞው ባለቤት ካስጨመረብህ ጋር አታምታታው፤ ያኛው ሁልጊዜ ይሠራል፣ ይሄኛው ሲፈለግ ብቻ።


ጋሽ_ቶርኖ

ኮሮኮንች ልክ ናት። ቀጥ ያለውን ብረት 9 ሚሊ አካባቢ ፈልግ። ጫፉን በደንብ አሞልሙለው፣ ስለት ካለው የላይኛውን ይፍቀዋል።

የ60ው ባሌስትራ ስለሚረዝም ማንጠልጠያው ይንቀሳቀሳል። የቱን ታንቀሳቅሳለህ የሚለው ወሳኝ ነው። የቆመውን በኩል ካንቀሳቀስክ አክስሉ ራሱ ይሄዳል። የሚወዛወዘውን በኩል ካንቀሳቀስክ አክስሉ ባለበት ይቆያል፣ ባሌስትራው ብቻ ይረዝማል። መጀመሪያ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አስረህ ጎማው መከለያው መሃል ላይ እንዲሆን አድርግ። ከዚያ ማንጠልጠያው ራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ይነግርሃል።

የሚወዛወዘው ማንጠልጠያ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትቆም ወደ ውጭ ትንሽ ያዘመመ መሆን አለበት።  ወደ ውስጥ ካዘመመ ሊገለበጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ አንድ ጎን ወድቃ ትቀራለች። ሻንሲው ላይ ማንጠልጠያውን ስትበይድ ከላይና ከታች ባለው የሻንሲው ጠርዝ ላይ አቋርጠህ አትበይድ። ጎኑ ላይ ይሁን፣ ከጀርባውም ሰሌዳ ይደረግለት።


እንጦጦ_ዳገት

ቅባቱስ ጋሼ? እኔ የተቃጠለ ዘይት ነው የምረጭበት።


ጋሽ_ቶርኖ

ሁሉም ይረጫል። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ሆኖ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ጎሚኒውንም ያሟሟዋል። ስትፈታው በብሩሽ አጽዳ፣ በብረቶቹ መካከል ግራፋይት ያለው ግሪስ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ይበቃል።

ዩ ቦልቱ አዲስ ይሁን። አሮጌውን አትመልስ፣ አንዴ ጠብቆ ከተሳበ በኋላ ያው መያዝ አይይዝም። የጎሚኒውን ቡሎኖች መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች አታጥብቅ። መሬት ላይ ቁማ፣ ክብደቷን ባሌስትራው ላይ አሳርፋ ነው የሚጠብቀው። ተንጠልጥላ ካጠበቅህ ጎሚኒው ሁሌ ተጠምዞ ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል።


ተክልዬ_መለዋወጫ

አራቱን አስቀምጬልሃለሁ፣ ባለ አምስቱን። ዩ ቦልቱን በልክህ የሚያጥፍልህ ሰው አለ፣ የአክስልህን ቱቦ ውፍረትና የባሌስትራውን ጥቅል ቁመት ለክተህ ላክልኝ። ክሩ ከዳዶው በላይ እንዲተርፍ ግን ብዙ እንዳይሆን፣ እንጦጦ እንዳለው ድንጋይ ይይዘዋል።


ራስ_መኮንን_ድልድይ

ተክልዬ፣ ማታ ለክቼ እልካለሁ። ጋሼ፣ ማንጠልጠያውን እርስዎ ጋ ባሠራው ደስ ይለኛል። ሐሙስ ከሰዓት ብመጣ ይመቻል?


ጋሽ_ቶርኖ

ና። ጠዋት ቶርኖው ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ይሻላል። ባሌስትራውን፣ ዩ ቦልቱንና ጎማውን ይዘህ ና፤ 31 ኢንቹን ማለቴ ነው። ጎማው በሌለበት የማንጠልጠያ ቦታ አልለካም።

ከሠራን በኋላም አንዴ ከከተማ ወጣ ብለህ ኮሮኮንች ላይ ነድተሃት ተመልሰህ ና። ዩ ቦልቱ ቦታ ሲይዝ ይላላል፣ እንደገና ይጠበቅልሃል። መንዝ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው።


ወይዘሪት_ኮሮኮንች

ሱሉልታ ደርሰህ ተመለስ፣ ይበቃል። አሞርዛተሩን ደግሞ እስከ ሐሙስ አትግዛ፤ ባሌስትራው ከገባ በኋላ ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው፣ ተጭኖም ተንጠልጥሎም ለክተህ ነው የሚገዛው።